ዝናብ ሲይዝ ልጆች ምን ይሥሩ? የጎንደር ክረምት ያለ ስልክና ያለ ቴሌቪዥን

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ ልጆች እስከ መስከረም ቤት ናቸው። ጎንደር ላይ ይህ ጊዜ ከዋናው ዝናብ ጋር ይገጥማል። ግቢው ይጨቀያል፣ ሜዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይከብዳል፣ ልጁም ሶፋ ላይ ወጥቶ ስልክ ይጠይቃል። አብዛኛው ወላጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ጨዋታ በመፈለግ ያሳልፋል። አንድ ጨዋታ ግን ቢያቆይ ግማሽ ሰዓት ነው። ሲያልቅ «አሁንስ ምን ልሥራ?» ይመጣል። በቀን አሥር ጊዜ አዲስ ነገር እያመጣ የሚዘልቅ ወላጅ የለም።

ልጅ ከስልክ የሚላቀቀው ቀን የተቆረጠለት ሥራ ሲይዝ ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ ቀን የሞላበት ነው፦ ነሐሴ 13 ቡሄ፣ ጳጉሜን 3 ሩፋኤል፣ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ። ለቡሄ ጅራፍ የጀመረ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሃያ ሥዕል ማድረስ ያለበት ልጅ ጧት ሲነሳ የሚሠራውን ያውቃል፤ እናንተም አዛዥ መሆናችሁ ይቀርና ረዳት ትሆናላችሁ። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ በትልቅ ወረቀት ላይ ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 1 ያሉትን ቀናት አስምሩ፤ በዓላቱን በቀለም ክበቡ፤ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉበት። ወረቀቱ በልጁ ዓይን ቁመት ልክ ይለጠፍ። ከፍ ብሎ የተለጠፈን ማንም አያየውም።

ቀኑን ከዝናቡ ጋር ማስማማት

ጎንደር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ብዙውን ጊዜ ጧት ገለጥ ይላል፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ያይላል። ሩጫ፣ ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱቅ መላክ ሁሉ ከጧቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ይግባ። ለቤት ውስጥ የሚሆነው የእጅ ሥራ ከ8 ሰዓት በኋላ ይቆይ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጧት ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፣ ደጅ መውጣት ሲያምረው ዝናቡ ይመጣል፣ ያልወጣለት ጉልበት ማታ በልቅሶና በድብድብ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ዕድሜው 3 እና 4 ዓመት የሆነ ደግሞ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። የጧቱ ሦስት ሰዓት ይህን ይሸፍናል።

ሰማዩ ከጧት የተበላሸ ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ አትሰርዙት። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወደ ቤት ይግባ፤ ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይፈቀድ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደጅ አይወጣም። ቀሃም ሆነ አንገረብ በክረምት ድንገት ይሞላሉ፤ እናንተ ጋ ዝናብ ሳይጥል ላይ ጥሎ ሊሆን ይችላል። «ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ ሰው አይኬድም» የሚለው ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር።

ስልኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ ሽልማት አታድርጉት። «ይህን ከጨረስክ ስልክ እሰጥሃለሁ» ያለ ወላጅ ሥራውን ቅጣት፣ ስልኩን ድግስ አደረገው። የሚፈቀድ ሰዓት ካለ ሥራ ተሠራም አልተሠራም በታወቀ ሰዓት ይሰጥ፣ በታወቀ ሰዓት ይመለስ። ቻርጀሩም ልጆች በማይውሉበት ክፍል ይቀመጥ።

ዕቃውን በአንድ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አኑሩ፦ ጫፉ ድፍን መቀስ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ባለ ቀለም እርሳስ፣ ማርከር፣ ስኮች፣ ሲባጎና ቃጫ፣ ጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ያለቀ ደብተር፣ ቆርኪ፣ ባዶ የውኃ ላስቲክ፣ የእንቁላል ትሪ። ከትሪው እንቁላል ያልፈሰሰበትን ምረጡ፤ ገልጠም ባለ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት። ለመውሰድ «እማዬ ስጪኝ» የሚያስብል ዕቃ ቁም ሣጥን ላይ እንደተሰቀለ ክረምቱ ያልፋል።

የዝናብ መለኪያ

ክረምቱን ሙሉ የሚያገለግል አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ ከተባለ ይህን ምረጡ። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ሁለት ወር ይቆያል፣ የሒሳብ ትምህርቱም ሳይታሰብ ይገባል። ከ7 ዓመት በላይ ያለ ልጅ በትንሽ እገዛ ይሠራዋል።

ባለ 2 ሊትር ላስቲክ ውሰዱ፤ ጎኑ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ወገቡ የጠበበ ወይም ሸንተረር የበዛበት ከሆነ ልኩ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም የአንድ ሚሊ ሜትር ውኃ መጠን ከላይና ከታች እኩል አይሆንም። አንገቱ ሰፍቶ ወደ ቀጥታው ጎን የሚገባበትን ቦታ በማርከር ዙሪያውን አስምራችሁ በመቀስ ቁረጡ። መጀመሪያ በቢላ የሚበሳው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ላስቲክ ላይ ቢላ ይንሸራተታል። ክዳኑን ጣሉና የተቆረጠውን አንገት ገልብጣችሁ ታችኛው ክፍል ውስጥ ሰኩት። ይህ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ ውኃው በፀሐይ እንዳይተንም ይከላከላል። ጠርዙን በስኮች አያይዙ።

የላስቲኩ መቀመጫ ጎርባጣ ስለሆነ ከዚያ መለካት አይጀመርም። ታችኛውን ጎርባጣ ክፍል ጠጠር ሙሉበት፤ ጠጠሩ ነፋስ እንዳይገለብጠውም ይረዳል። ከዚያ ጠጠሩን እስኪሸፍንና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ጨምሩ። የውኃው ፊት ያለበት መስመር ዜሮ ነው። አንድም ጠጠር ከመስመሩ በላይ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ጠጠሩ የያዘው ቦታ ዝናብ ሆኖ ይቆጠራል። ከዜሮ ወደ ላይ በማስመሪያ እያንዳንዱን ሚሊ ሜትር በማይለቅ ማርከር ምልክት አድርጉ፤ አሥር አሥሩን ረዘም አድርጉት። ወረቀት ማስመሪያ መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ርሶ ይላጣል።

የሚቀመጥበት ቦታ ከሥራው እኩል ነው። ከጣሪያ ጠርዝ፣ ከዛፍና ከአጥር ይራቅ፤ በአቅራቢያው ካለው ነገር ቁመት እጥፍ ያህል ቢርቅ ጥሩ ነው። ግቢው ጠባብ ከሆነ መሀሉ ላይ ይሁን። መሬት ላይ ከተቀመጠ ጭቃ እየተረጨ ይገባበታል፤ ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አኑሩትና በሌላ ድንጋይ ደግፉት። ውሻና ዶሮ ካለ ዙሪያውን በእንጨት ከልሉት።

ንባቡ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ነው፤ ጧት 3 ሰዓት ይመቻል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውኃው ፊት ጋር ያስተካክል፤ ከላይ ቁልቁል ያየ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩን ከጻፈ በኋላ ውኃውን እስከ ዜሮ ብቻ ያፍስስ። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ሙሉ በሙሉ ይደፋውና ዜሮው ይጠፋል። በረዶ ከጣለ እስኪቀልጥ ይጠበቅ። በካሬ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር አንድ ካሬ ቀለም ይቀባ። የሐምሌና የነሐሴ ሥዕል ጎን ለጎን ሲሆን ልጁ ራሱ ማመዛዘን ይጀምራል።

አሁን ሒሳቡ፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የቤቱ ጣሪያ 50 ካሬ ሜትር ከሆነና ሌሊቱን 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ፣ ጣሪያው ላይ 1,000 ሊትር ወርዷል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ያደገ ልጅ 50 ጀሪካን ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል፤ ቁጥሩ ከደብተር ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ጣሪያውን በእርምጃ እንዲለካ፣ አሸንዳው ሥር ያለው በርሜል ለምን እንደሞላና ለምን እንደፈሰሰ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። መልሱን ለመፈለግ ራሱ ይወጣል።

ጭቃ

ጭቃን መከልከል ከንቱ ድካም ነው። አንድ አሮጌ ልብስና አንድ ቦት ጫማ «የጭቃ ልብስ» ተብሎ ይለይ፤ በባዶ እግር ግን አይሁን፤ የአንጀት ትል እንቁላልና እጭ በረጠበ አፈር ውስጥ ይኖራል። ከጨዋታው በኋላ እጅ በሳሙና፣ ጥፍርም ጭምር።

ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ልጆች ከዚያ የመጡትን ትንንሽ ምስሎች በገበያ ያውቋቸዋል፣ ሊሠሩም ይፈልጋሉ። በቤት የሚሠራው ግን አይተኮስም፣ አየር ላይ ይደርቃል፤ ስለዚህ ዋናው ጠላት መሰንጠቅ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ለዚህ አይሆንም፦ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በማግሥቱ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። ቀይ አፈር ይሻላል። ጠጠሩንና ሥሩን ለቅማችሁ በወንፊት ንፉ፣ ለሁለት ጣሳ አፈር አንድ ጣሳ ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሉ፣ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው እሹት። ቀጭን ልጥልጥ አድርጋችሁ ጣት ላይ ጠምጥሙት፤ ከተሰበረ ውኃ ያንሰዋል፣ ከተጣበቀ በዝቶበታል። የጭቃ ቤት የሚለስን ሰው ጭድ የሚጨምረው እንዳይሰነጠቅ ነው፤ እናንተም አንድ እፍኝ በደንብ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ጨምሩ።

ውፍረቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ወፍራም ነገር ከውጭ ቀድሞ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ስለሚሆን ይሰነጠቃል። የበሬ እግርና ቀንድ፣ የጀበና ጆሮ የመሰለ ተቀጽላ ሲለጠፍ ሁለቱንም ፊት በእንጨት ጫር ጫር አድርጋችሁ በቀጭን ጭቃ አጣብቁ፤ እንዲሁ የተለጠፈ ሲደርቅ ይወድቃል። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። በክረምት ከአምስት ቀን እስከ ሳምንት ይወስዳል፤ በየቀኑ ይገላበጥ። ምድጃ ዳር አስጠግቶ ማፋጠን ሁልጊዜ በስንጥቅ ያልቃል።

ከ5 ዓመት በታች ላሉት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጭቃ፣ ሁለት ጣሳና አንድ አሮጌ ማንኪያ ከተሰጣቸው ዕቃቃ ሲጫወቱ ይውላሉ። ውኃ በሳፋ ከሰጣችሁ ግን አጠገባቸው ተቀመጡ። ትንሽ ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃም ሊሰጥም ይችላል።

ዝናቡ ሲወርድ፦ ገበጣ፣ ዳማና ሌላው

የእንቁላል ትሪ 30 ጉድጓድ አለው፤ አምስት መደዳ ባለ ስድስት ስድስት። ሁለቱን መደዳ ብትቆርጡ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ሆነ፤ የቀረው ሦስት መደዳ ደግሞ ባለ 18ቱ ነው። ለጀማሪ ባለ 12ቱ ይበቃል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ፍሬ ሽንብራ ወይም ጠጠር፣ በድምሩ 48። ተጫዋቹ ከራሱ ስድስት ጉድጓድ አንዱን ጠርጎ ወደ ቀኝ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ውስጥ ከገባች በዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልቃል፤ ባዶው በራሱ በኩል ከሆነ ፊት ለፊት ያለውን የባላጋራውን ፍሬ ይበላል። በአንዱ በኩል ፍሬ ሲያልቅ ጨዋታው ያበቃል፣ በጉድጓድ የቀረውን ባለ ጉድጓዱ ይወስዳል፣ ብዙ ያለው አሸናፊ ነው። አያት ወይም አጎት ሌላ ደንብ ካወቁ የእነርሱን ያዙ፤ የገበጣ ደንብ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ መጨቃጨቁም የጨዋታው አካል ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ቤት ሽንብራና ብይ አይሁን፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ያንቃል። ቆርኪ ተጠቀሙ፤ ለቆርኪ ግን ትሪው ይጠባል፣ ካርቶን ላይ ክብ መሳል ይሻላል።

ዳማ በ8 በ8 ካሬ ካርቶን ላይ ይሠመራል፤ እያንዳንዱ ካሬ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ቆርኪ በደንብ ይቀመጥበታል። አሥራ ሁለቱ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ወደ ታች። የተጠማዘዘ ቆርኪ ስለሚንሸራተት በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አቅኑት። ቀለሞሽ አምስት ጠጠር ብቻ ይፈልጋል፤ ወንዶቹም ይማሩት፣ እጅን የሚያፈጥን ጨዋታ ነው።

ኳስ ለቤት ውስጥ ከሆነ የካልሲ ኳስ ይሠራ። ሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ እምብርት አድርጉ፣ ዙሪያውን የተቀደደ ጨርቅ ጠምጥሙ፣ ካልሲ ውስጥ ከታችሁ አፉን አጠማዝዛችሁ መልሱበት፣ በሁለተኛ ካልሲ ድገሙ፣ አፉን ስፉት። ለእጅ 7፣ ለእግር 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ደጅ ከወጣ ውኃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል፤ ለደጁ ሌላ ሥሩና የመጨረሻውን ልባስ ከማዳበሪያ ከረጢት አድርጉት።

መብራት ሲጠፋ እንቆቅልሽ ይጀመር። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ!» ካለች በኋላ መልሱን ካላወቀች «አገር ስጪኝ» ይባላል። አንድ ደንብ ጨምሩበት፦ የሚሰጠው አገር በካርታ ላይ በጣት የሚታይ መሆን አለበት፣ አንዴ የተሰጠ አይደገምም። መጀመሪያ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ባሕር ዳር ያልቃሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ራሳቸው ካርታ እያጠኑ ይመጣሉ። በእጅ ባትሪ ግድግዳ ላይ የእጅ ጥላ መሥራት ይቻላል፤ እጅ ወደ መብራቱ በቀረበ ቁጥር ጥላው ይገዝፋል፣ ጠርዙ ግን ይደበዝዛል። ሻማ ለዚህ አይሁን።

ገለጥ ባለ ቀን፦ ፋሲል ግቢ

ጎንደር የሚኖር ልጅ ፋሲል ግቢን በየቀኑ ያልፈዋል፤ ብዙውን ጊዜ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ከውጭ ይሁን፤ ክፍያ የለውም። ከጃንተከል ዋርካ ተነሥታችሁ ቅጥሩን ዙሩ፤ ልጁ እርምጃውን ይቁጠር፣ ቤት ሲመለስ አንድ እርምጃውን ለክቶ ያባዛ፣ 900 ይቀርበው እንደሆነ ይይ። መንገዱ በቤቶች ምክንያት ከቅጥሩ በሚርቅበት ቦታ ቁጥሩ ይበዛል፤ ለምን እንደበዛ ራሱ ይንገራችሁ። በሮቹንም ይፈልግ፦ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ ባልደራስ በር። በአካባቢው የተቀመጡ አዛውንት አባቶችን ስለ ስማቸው እንዲጠይቅ አድርጉት፤ ሰላምታውን አስቀድሞ ማስተማር አትርሱ።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ውስጥ ነው፤ እርሳስና ደብተር ይያዝ፣ ስልክ ኪስ ይግባ። አንድ ሕንፃ ብቻ ይምረጥና ይሳል። ሁሉንም ለማየት የሮጠ ልጅ በግማሽ ሰዓት ደክሞ ሽንኮራ ይጠይቃል።

ቤት ስትመለሱ በሥዕሉ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው የጥንድ ካርታ ጨዋታ ነው። ከካርቶን 12 እኩል ካርድ ቁረጡ፦ ስድስቱ ላይ ስም፣ ስድስቱ ላይ ሕንፃ ይሳል። ፋሲለደስ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማ ያለው ትልቁ ግንብ። ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቤተ መጻሕፍቱ። ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ጣሪያው ኮርቻ የመሰለው ግንብ። ዳዊት፣ የዜማው አዳራሽ። በካፋ፣ የግብር አዳራሹ። እቴጌ ምንትዋብ፣ በግቢው ያለው ግንባቸው፤ ቁስቋምንም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ካርዶቹ ይገለበጡ፣ ሁለት ሁለት እየተገለጡ ጥንዱ ይፈለግ። ካርቶኑ ቀለም የሚያሳልፍ ከሆነ ልጆች ከጀርባ ያውቁታል፤ ድርብ ለጥፉበት።

ሁለተኛው ግንቡን መሥራት ነው። የጫማ ካርቶን ዋናው ሕንፃ ይሁን። ማማዎቹ ከካርቶኑ ከፍ ማለት ስላለባቸው 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አራት ጥቅልል ከስስ ካርቶን ሥሩ፤ የሶፍት ጥቅልል ያጥራል። የላይኛውን ጠርዝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት እየቆረጡ እየዘለሉ ጥርስ አውጡለት። ለጉልላቱ የእንቁላል ትሪ ጉድጓድ ቆርጣችሁ ብትደፉት የፋሲለደስን ግንብ ጉልላት በትክክል ይመስላል። ማጣበቂያው ከቤት ይወጣል፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፣ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ 2 ደቂቃ አብስሉት። ዱቄቱን በቀጥታ ሙቅ ውኃ ላይ ከነሰነሳችሁት ይጓጉላል። ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ከሸተተ ይደፋ። ጋዜጣ ቀዳዳችሁ በዚሁ ማጣበቂያ ሁለት ድርብ ከለበጣችሁት ግንቡ ይጠነክራል፤ አንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ ግን ካርቶኑ ይልማል።

ለቡሄ

ዝግጅቱ ከሐምሌ መጨረሻ ይጀመር። ለ10 ዓመት ልጅ ጅራፍ 1.5 ሜትር ይበቃል። ከቃጫ ሦስት ጉንጉን አዘጋጁ፣ እያንዳንዱ ሦስት ክር ያለው፣ ርዝመቱ 2.2 ሜትር፤ ሲገመድ ስለሚያጥር ነው ትርፉ። ሦስቱን ቋጥራችሁ በር እጀታ ላይ እሰሩና እንደ ሹሩባ ጎንጉኑ። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ከእያንዳንዱ ጉንጉን አንድ ክር ቆርጣችሁ አውጡ፤ ጅራፉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የመጨረሻው 20 ሳንቲ ሜትር አንድ ነጠላ ቃጫ ሆኖ ጫፉ ይቋጠር። ሌላውን ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር እንጨት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወነጨፍ ነው፤ የማይጮህ ጅራፍ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጫፉ ወፍሯል ወይም ርሷል። ሲለማመዱ በአራት ሜትር ዙሪያ ማንም አይቁም፤ አደጋው ዓይን ላይ ነው።

ቡሄ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ይጋገራል። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ። እጅ የሚያቃጥል ውኃ እርሾውን ይገድላል፤ ልጁ ጣቱን ነክሮ ሙቀት እምብዛም የማይሰማው ሲሆን ልክ ነው። 10 ደቂቃ ይታሽ፣ ይሸፈን፣ እጥፍ እስኪሆን ይጠበቅ። በጎንደር የክረምት ብርድ እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። 12 ቦታ ተከፍሎ በልጆች እጅ ሞላላ ይሁን፣ 20 ደቂቃ ይረፍ፣ በምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት አክንባሎ ተደፍቶ እየተገለበጠ ይብሰል። እሳት ዳር ያለው ትልቅ ሰው ነው፤ የልጆቹ ድርሻ መለካት፣ ማሸትና ቅርጽ ማውጣት ነው። ጨፋሪ ሲመጣ ሙልሙሉን ወጥቶ የሚሰጠው የጋገረው ልጅ ይሁን።

ጧት ጧት ፊደልና ዳዊት ለሚማሩ፣ ቅዳሴ ለሚሄዱ፣ ቁርአን ለሚቀሩ ልጆች ያ ሰዓት አይነካ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ይጀመር።

ለእንቁጣጣሽ

ሥዕሉን ጳጉሜን ላይ መጀመር ይዘገያል፤ ዝናቡ ገና ስላላባራ ወረቀቱ ቶሎ አይደርቅም። ነሐሴ 20 ላይ ጀምሩ። በመጀመሪያ ልጁ የሚያደርስላቸውን ቤቶች ስም ይጻፍ፤ ሃያ ቤት ከሆነ ሃያ አምስት ወረቀት ይዘጋጅ፣ አምስቱ ለሚበላሸው። በቀን ሦስት ብቻ ይሳል። በአንድ ቀን አሥር የሳለ ልጅ አሥረኛውን ያበላሻል፣ ይሰለቸዋል።

ቀለም ከወጥ ቤት ይገኛል። 1 የሻይ ማንኪያ እርድ በ2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ በጥብጡና 10 ደቂቃ አስቀምጡ፤ ከላይ የጠራው ለአደይ አበባ የሚሆን ቢጫ ነው። ቀይ ሥር ተፍቆ ሲጨመቅ ሮዝ ይሰጣል፤ ብርሃን ላይ ከዋለ ግን ይደበዝዛል፣ ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይቀባ። የቡና አተላ ቡናማ ነው። የከሰል ዱቄት ለብቻው ይረግፋል፤ በቀጭኑ የዱቄት ማጣበቂያ ይለወስ። ለአረንጓዴ ቅጠል መቀቀል አያስፈልግም፤ ትኩስ ለስላሳ ቅጠል ወረቀቱ ላይ ማሸት ይበቃል። ልብስ ላይ የፈሰሰ እርድ በሳሙና ሲታጠብ ቀይ ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እየለቀቀ ይሄዳል። ይህንኑ ለጨዋታ ተጠቀሙበት፦ በእርድ የተቀባ ደረቅ ወረቀት ላይ በሳሙና ውኃ ቢጻፍ ጽሕፈቱ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫ ይመለሳል። ለእንቁጣጣሽ ድብቅ ስም የሚጻፍበት ጥሩ መንገድ ነው።

ተራ የደብተር ወረቀት በውኃ ቀለም ይጨማደዳል። አራት ጠርዙን በስኮች ጠረጴዛ ላይ አጣብቃችሁ ይቀባ፣ ሲደርቅ ይነሣ፣ ከመጽሐፍ ሥር አንድ ሌሊት ይደር። የደረቁት በደረቅ ካርቶን ውስጥ በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት ገብቶ ይቀመጡ፤ ፌስታል ውስጥ የገባ ሥዕል ወዝቶ እርስ በርስ ይጣበቃል። ጳጉሜን 3 ዝናብ ከጣለ ልጆቹ ወጥተው ይጠመቁበት፤ ሥዕሉ ያለበት ካርቶን ግን ከመስኮት ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ይዋል። በዋዜማው ማታ ልጁ ሥዕሎቹን በመንገዱ ቅደም ተከተል ይደርድራቸው፣ ከጀርባቸው የባለቤቱን ስም በእርሳስ ይጻፍ፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ከላይ ይሁን።